ፈውስ በምስክር ይታወቃል

ሰው በታመመ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሻው ተስፋ ነው። ተስፋ መልካም ነገር ነው፤ ነገር ግን ምርመራ ካልተከተለው በሽተኛውን ወደ እውነተኛው ሐኪምም ወደ አታላዩም እኩል ይመራዋል። ስለዚህ በአሜሪካና በአውሮፓ ሐኪም ቤቶች ስለሚሰጠው፣ ማይንድፉልነስ ስለሚባለው ትምህርት ጥቂት ለመናገር አስቤአለሁ። ትምህርቱ ኅሊናን ከሚባዝንበት ሰብስቦ፣ በትንፋሽና በሰውነት ስሜት ላይ አሳርፎ፣ የሚመጣውን ሐሳብ ሁሉ ሳይፈርዱ መመልከት ነው። የምጠይቀውም ደስ ያሰኛል ወይ ብዬ አይደለም። በሽታን ይረዳል ወይ? ይረዳል ከተባለስ ምስክሩ ምንድን ነው? ብዬ ነው። ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

አስቀድሜ አንድ የቆየ ታሪክ ላንሣ። በ1778 ፍራንዝ መስመር የሚባል ሐኪም ከቪየና ወደ ፓሪስ መጥቶ፣ በሰው አካል የሚመላለስ የማይታይ ኃይል አለ፤ ይህንንም ኃይል እየመራሁ በሽታን እፈውሳለሁ ብሎ አስተማረ። ሕዝቡም ጎረፈለት፤ ተፈወስን የሚሉም በዙ። በ1784 ንጉሡ ሉዊ 16ኛ ነገሩ እንዲመረመር አዘዘ። ከመርማሪዎቹ መካከል የአሜሪካው መልእክተኛ ቤንጃሚን ፍራንክሊንና የኬሚስትሪው ሊቅ ላቯዚዬ ነበሩ። በፍራንክሊን የአትክልት ቦታም የመስመር ተከታይ የነበረው ዴስሎን ከዛፎቹ በአንዱ ላይ ብቻ ኃይሉን እንዲያሳድር ተደረገ። ከዚያም ዓይኑ የተሸፈነ የ12 ዓመት ልጅ ከዛፍ ወደ ዛፍ ተወሰደ። ልጁ ኃይሉ አለበት ወደ ተባለው ዛፍ ሳይደርስ፣ ምንም ባልተደረገበት በአራተኛው ዛፍ ሥር ራሱን ስቶ ወደቀ።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ልብ በል፤ ልጁ አልዋሸም። መውደቁ እውነት ነበር፤ የወደቀበት ምክንያት ግን የተባለው አልነበረም። የተፈወሰ ሰው የሚሰጠው ቃል ብቻውን የማይበቃው ስለዚህ ነው። በሽታ አንዳንድ ጊዜ በራሱ ይሻላል፤ ተስፋም ሕመምን ያቀላል፤ የሚያዳምጥና የሚያጽናና ሰው ማግኘትም ራሱ እረፍት ነው። እነዚህን ከመድኃኒቱ ሥራ ለመለየት ሊቃውንት በሽተኞችን በዕጣ ከፍሎ ማወዳደርን ዘዴ አደረጉ። በ1948 በእንግሊዝ አገር የስትሬፕቶማይሲን መድኃኒት በሳንባ ነቀርሳ ላይ የተመዘነው እንዲህ ነበር፤ መድኃኒቱን ካገኙት 55 በሽተኞች በስድስት ወር ውስጥ 4 ሲሞቱ፣ ካላገኙት 52 ግን 14 ሞቱ። ይህ ምስክር ነው።

አሁን ወደ ተነሣሁበት ልመለስ። በ1979 ጆን ካባት ዚን የተባለ የሥነ ሕይወት ሊቅ በዉስተር ከተማ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ሐኪም ቤት አንድ ክፍል ከፈተ። ከቡድሃ ተከታዮች የተማረውን ኅሊናን የመሰብሰብ ልምድ ከሃይማኖቱ ለይቶ፣ በስምንት ሳምንት የሚፈጸም ትምህርት አደረገው። በ1982 ያወጣው ጽሑፍ በተለመደው ሕክምና ስላልተሻላቸው 51 የቆየ ሕመም ስላለባቸው ሰዎች ይናገራል፤ ከእነርሱም 65 በመቶ የሚሆኑት ሕመማቸው ቢያንስ በሲሶ ቀነሰ። ዜናው መልካም ነው፤ ነገር ግን በዚያ ጽሑፍ ትምህርቱን ሳይቀበል የተጠበቀ ሌላ ወገን የለም። እንግዲህ ይህ የምርመራ መጀመሪያ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም።

ጠንከር ያለው ምስክር ከዚያ በኋላ መጣ። በ2000 ቲስዴል፣ ሲገልና ዊልያምስ ከባልደረቦቻቸው ጋር ድብርት እየተመላለሰ የሚጥላቸውን 145 ሰዎች በዕጣ ከፍለው ተመለከቱ። ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ከታመሙት መካከል፣ በተለመደው ሕክምና ብቻ ከተጠበቁት 66 በመቶ ሲያገረሽባቸው፣ ትምህርቱን ከተቀበሉት ያገረሸባቸው 37 በመቶ ናቸው። ሁለት ጊዜ ብቻ ለታመሙት ግን ትምህርቱ ጥቅም አላሳየም። በ2015 ደግሞ በእንግሊዝ አገር 424 ሰዎች ለሁለት ዓመት ተጠበቁ፤ ትምህርቱን ተቀብለው መድኃኒቱን እንዲቀንሱ ወይም እንዲተዉ ከተረዱት 44 በመቶ፣ መድኃኒቱን ከቀጠሉት 47 በመቶ አገረሸባቸው። ልዩነቱ ትምህርቱን ከመድኃኒቱ ይበልጣል የሚያሰኝ አይደለም።

በ2014 በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ስለ ተመስጦ ትምህርቶች በዕጣ የተደረጉ 47 ሙከራዎችን፣ በድምሩ 3,515 ሰዎች ያሉባቸውን፣ አንድ ላይ መዘኑ። ለጭንቀት፣ ለድብርትና ለሕመም መጠነኛ ጥቅም አገኙበት፤ ነገር ግን ከመድኃኒት ወይም ከሰውነት ማሠልጠኛ እንደሚበልጥ የሚያስረዳ ነገር አላገኙም። በ2022 በወጣ ሌላ ሙከራ የጭንቀት በሽታ ያለባቸው 276 ሰዎች ግማሾቹ ኤሲታሎፕራም የተባለውን መድኃኒት፣ ግማሾቹ የስምንቱን ሳምንት ትምህርት ወሰዱ፤ ትምህርቱም ከመድኃኒቱ የማያንስ ሆኖ ተገኘ። በዚያው ዓመት የታተመው የእንግሊዝ አገር ምርመራ ደግሞ በ85 ትምህርት ቤቶች ከ8,000 የሚበልጡ ልጆችን ተመልክቶ፣ ለሁሉም በጅምላ የተሰጠው ትምህርት ከተለመደው የትምህርት ቤት ሥራ የተሻለ ጥቅም አለመስጠቱን ገለጠ።

ከዚህ ሁሉ የምረዳው ይህ ነው። ትምህርቱ የመስመር ዛፍ አይደለም፤ በሚዛን ተቀምጦ ክብደት አሳይቷል። ነገር ግን ክብደቱ ነጋዴዎች የሚያወሩለትን ያህል አይደለም። ለአንዱ በሽታ የረዳው ለሁሉ አይረዳም፤ ለታመመው የጠቀመው ላልታመመው ሁሉ ይጠቅማል ማለት አይደለም፤ አንዳንድ ሰዎችንም ዝምታው ራሱ ጭንቀት ሲያመጣባቸው ታይቷል።

ስለዚህ ሁለት ሰዎችን እወቅሳለሁ። አንደኛው ሳይመረምር የሚያሞግስ ነው፤ እርሱን ያመነ በሽተኛ የሚያድነውን መድኃኒት ጥሎ ቢጎዳ ዕዳው በአሞጋሹ ላይ ነው። ሁለተኛው ሳይመረምር የሚንቅ ነው፤ መድኃኒት ያልተስማማው ሰው ሊያገኘው የሚችለውን እረፍት ይነፍገዋል። ወዳጁ ታሞ ምክር የሚጠይቀው ሰው ሁሉ ለማን፣ ለምን በሽታ፣ ከምን ጋር ተወዳድሮ? ብሎ ይጠይቅ፤ በሽተኛውም ከሐኪሙ ሳይመክር መድኃኒቱን አይተው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የሚጠራው ግን ነቅቶ ለሚጠብቀው ነው።