ከሦስት ሰው ወደ አንድ ሰው የመጣው ከበሮ

አንድ ሰው በበርጩማ ላይ ተቀምጦ በሁለት እጁና በሁለት እግሩ የሚጫወትበትን፣ በተለምዶ ድራም የምንለውን የከበሮ ስብስብ ስንመለከት፣ ከመነሻው ለአንድ ሰው ታስቦ የተሠራ ይመስለናል። ታሪኩን ስንመረምር ግን ሥራው የሦስት ሰዎች እንደ ነበረ እንረዳለን። በወታደር የሙዚቃ ጓድ ውስጥ አንዱ ትልቁን ከበሮ፣ ሁለተኛው ትንሹን ከበሮ፣ ሦስተኛው ሲምባል የሚባሉትን የናስ ሳሕኖች ይዞ ይሰለፍ ነበር።

የሦስቱን ሥራ በአንዱ ላይ የጫነው የጥበብ ፍላጎት ብቻ አይደለም፤ የቦታ ጥበትና የደመወዝ ቁጠባም ነበረበት። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ በአሜሪካ የቲያትርና የዳንስ ቤቶች ለሙዚቀኞች የሚሰጠው ስፍራ ጠባብ፣ ገንዘቡም የተወሰነ ስለ ነበረ፣ ከበሮ መቺው ትልቁንና ትንሹን ከበሮ አጠጋግቶ በሁለት እጁ ያፈራርቅ ጀመር። (ሁለት ጸሐፊ ሲጎድል የሦስቱን መዝገብ ለቀረው ማስረከብ በቢሮ ብቻ የተለመደ አይደለም ማለት ነው።)

ፈጣን ዜማ በመጣ ጊዜ ግን እጅ ከአንዱ ከበሮ ወደ ሌላው መድረስ ተሳነው። በዚህም ምክንያት የቺካጎው ከበሮ መቺ ዊሊያም ሉድዊግ ከወንድሙ ከቲዮባልድ ጋር ሆኖ በ1909 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለፈጣን ምት የሚሆን የእግር መርገጫ ሠርቶ መሸጥ ጀመረ። መርገጫ ከዚያ በፊትም ነበረ፤ የሉድዊግ ግን ከእግር ጋር እኩል ይፈጥን ነበር። እግር ሥራ በመያዙም በርጩማው ራሱ የመሣሪያው ክፍል ሆነ።

በ1920ዎቹ ለግራ እግርም ሥራ ተገኘለት፤ ይኸውም ከመሬት ጥቂት ከፍ ብለው እርስ በርሳቸው የሚጋጩ ሁለት ሲምባሎች ናቸው። በዱላ ለመምታት ዝቅ ብለው ስላስቸገሩ ዘንጉ ረዘመና ሃይ ሃት ተወለደ። ነገር ግን ሃይ ሃቱ በግራ በኩል በመቆሙ ቀኝ እጅ በግራው ላይ መሻገር ግድ ሆነበት፤ ዛሬም አብዛኛው መቺ እጁን አመሳቅሎ ይጫወታል። በ1944 በፓናማ የተወለደው ቢሊ ኮብሃም ግን ሃይ ሃቱን በግራ እጁ እየመታ ከዚህ መመሳቀል ወጥቷል።

እንግዲህ የዛሬ ሙዚቀኛ ሲደረድር ከበርጩማው ይጀምራል፤ ጭኑ ከጉልበቱ ጥቂት ከፍ ይላል። መርገጫዎቹ እግሮቹ ሳይጨነቁ ባረፉበት ይቀመጣሉ። ትንሹ ከበሮ በጉልበቶቹ መካከል ይሆናል፤ የቀሩት ትከሻ ሳይነሣ፣ ወገብም ሳይጠመዘዝ የሚደረስባቸው መሆን አለባቸው። ይህን የናቀ መቺ በወገቡና በእጁ አንጓ ይከፍላል።

በእኛ አስተያየት ከዚህ ሁሉ የሚልቀው የእንግሊዛዊው የሪክ አለን ነገር ነው። የዴፍ ሌፐርድ ጓድ ከበሮ መቺ የነበረው ይህ የ21 ዓመት ወጣት በ1984 የመጨረሻ ቀን በመኪና አደጋ ግራ እጁን አጣ። ጓደኞቹ በሌላ ሰው አልተኩትም። ግራ እጁ ይመታው የነበረውን ድምፅ በኤሌክትሪክ በሚሠሩ መርገጫዎች ለግራ እግሩ አስረከበና እንደ ገና ልምምድ ጀመረ፤ በነሐሴ 1986 በዶኒንግተን ሜዳ በብዙ ሺሕ ሕዝብ ፊት ከበሮዎቹ መካከል ተቀምጦ ተጫወተ።