ታቦር

ታቦር፣ ስሙን ከገሊላው ደብረ ታቦር የሚጋራ፣ በሐዋሳ ሐይቅ አጠገብ ያለ ኮረብታና የአንድ ክፍለ ከተማ መጠሪያ ነው። ለትምህርትና ለጤና የሚወጣ መዋዕለ ንዋይ የሀገር ሀብት መሠረት መሆኑን ለሚመረምር ሰው ታቦር የሚገኝባት የሐዋሳ ከተማ ሁነኛ ምስክር ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1976 የተመሠረተው የእርሻ ኮሌጅ፣ ከወንዶ ገነትና ከዲላ ኮሌጆች ጋር ተዋሕዶ በ2000 ደቡብ ዩኒቨርሲቲ፣ ኋላም ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተብሏልና፤ በዩኒቨርሲቲው ሪፈራል ሆስፒታልም ትምህርትና ፈውስ በአንድ ጣሪያ ሥር ይኖራሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የከተማዋ የኢንዱስትሪ ፓርክ ከገጠር ወጣቶችን፣ ይልቁንም ሴቶችን፣ ሲቀጥር፣ በየትምህርት ቤቱ የተዘራውን ፊደልና በየጤና ኬላው የተሰጠውን ክትባት ማጨዱ ነው፤ ይህ ግን በሒሳብ መዝገብ ስለማይታይ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፣ መዘንጋቱም ያሳዝናል። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የተዘረጋው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብርም ለአንድ ዓመት የሠለጠኑ፣ አብዛኞቹ ሴቶች የሆኑ ባለሙያዎችን፣ ሁለት ሁለት አድርጎ ወደ ገጠር ቀበሌዎች ልኳል።