ሳይመዘገብ የቀረው መብት

ስሙኝማ! ነገሩ የሆነው በእንግሊዝ አገር ሊንከንሻየር ነው፤ ዘመኑ በፈረንጆች 1961። አባት የእርሻ መሬቱን፣ 300 ኤከር ያህል፣ ልጁ በ10 ዓመት ውስጥ አንዱን ኤከር በ75 ፓውንድ ሊገዛው ይችላል ብሎ የመግዛት መብት ሰጠው። ሰነዱን ያሰናዳው ጠበቃ ነው። ታዲያ እንዲህ ያለው መብት መዝገብ ላይ ካልሰፈረ፣ መሬቱን ገንዘብ ከፍሎ የሚወስድን ሦስተኛ ሰው አያስገድድም። ጠበቃው ሳያስመዘግበው ቀረ።

ነሐሴ 1967 ደረሰ። አባትየው ወደ 40,000 ፓውንድ የሚያወጣውን እርሻ በ500 ፓውንድ ሸጠው። ለማን? ለገዛ ሚስቱ፣ ለልጁ እናት! የልጁን መብት ለማክሸፍ።

በ1972 ጠበቃው በሚሠራበት የጥብቅና ቢሮ ላይ ክስ ተመሠረተ፤ ቢሮውም የይርጋ መቃወሚያ አነሳ። ጥፋት ካለ የተፈጸመው በ1961 ነው፣ ለመክሰስ የተወሰነው ስድስት ዓመትም አልፏል አለ። ልብ በሉ! በዚህ ስሌት የልጁ የመክሰስ መብት ያለቀው እርሻው ገና ሳይሸጥ ነው። ጉዳቱን ሳያይ ማንን ይክሰስ? ቀን እንዲቆጥርለት ጠበቃ የያዘ ሰው፣ በዚያው ጠበቃ ቀን አለፈብህ ሲባል እጅግ ያማል።

ዳኛ ኦሊቨር መቃወሚያውን አልተቀበሉም። መሬቱ እስኪሸጥ ድረስ ማስመዝገብ ይቻል ነበር፤ ስለዚህ የጠበቃው ግዴታ እስከዚያች ቀን ይዘልቃል፣ ጉዳቱም የደረሰው ያን ቀን ነው አሉ። ትክክለኛ ፍርድ ነው እላለሁ። በ1980 ያኔ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ የነበረው የጌቶች ምክር ቤት የእናትየውን ግዢ ሲያጸና፣ መሬቱ ለልጁ ወገን ቀረበት፤ ከጠበቃው የሚገኘው ካሳ ግን ነበር።

ጠበቃውን የከሰሰ ሌላ ባለጉዳይ ግን አልቀናውም። በ1978 ሲፋታ ቤቱን ለሚስቱ አስተላልፎ ከሽያጩ አንድ ስድስተኛው እንዲደርሰው ተስማማ፤ ጠበቃው ድርሻውን በሰነድ አላስጠበቀለትም። ሚስትየው ቤቱን መሸጧን በ1986 ሰማ፣ በ1987 ከሰሰ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ1990 ጉዳቱ የደረሰው በ1978 ነው ብሎ ክሱን በይርጋ ዘጋው። በ1986 የወጣው ሕግ ስውር ጉዳትን ላወቀ ሰው፣ ከ15 ዓመት ጣሪያ ሳያልፍ፣ ሦስት ዓመት ይሰጣል፤ አስቀድሞ በይርጋ የታገደን ክስ ግን አያስነሳም።

እንግሊዝ አገር ቤት ወይም መሬት በጠበቃ ያዛወራችሁ ወገኖቼ፣ የምዝገባውን ማረጋገጫ ቅጂ ዛሬውኑ ጠይቁ።