ፊልድ፣ መስክ ወይስ መደብ?

«አለቃ የሉም፤ ፊልድ ወጥተዋል» ሲባል ሁላችንም ይገባናል። የቤተ መጻሕፍት የመረጃ ቋት ላይ ይኸው ቃል ተተርጉሞ «የመፈለጊያ መስክ ይምረጡ» ሲባል ግን የምን መስክ? መስክ ከብት የሚሰማራበት ነው፤ ሰፋ ሲል የጥናትና የሥራ መስክ ሆነ። ተማሪው ሕግን ወይም ሕክምናን ለመምረጥ ቢዘጋጅ አይፈረድበትም።

እዚህ ፊልድ የሚባለው በመጽሐፉ መዝገብ ውስጥ እያንዳንዱ መረጃ የተመደበለት ቦታ ነው። ማርክ 21 በተባለው የካታሎግ ሥርዓት ደራሲው 100፣ ርዕሱ 245 በሚባል ቁጥር ሥር ይገባል፤ መጽሐፉ የተጻፈው ስለ አንድ ሰው ከሆነ የዚያ ሰው ስም 600 ሥር ይሰፍራል። ስለዚህ ሀዲስ ዓለማየሁን በደራሲነት ስትፈልጓቸው «ፍቅር እስከ መቃብር» ይመጣል፤ በርዕሰ ጉዳይነት ስትፈልጓቸው ደግሞ ሌሎች ስለ እሳቸው የጻፉት። ስሙ ያው ነው፣ መልሱ ሌላ። (የአባትን ስም አስቀድሞ «ዓለማየሁ፣ ሀዲስ» የሚል ቋትም አይጠፋም፤ ሁለቱንም ሞክሩ።)

እኔ «መደብ» ይሻላል ባይ ነኝ። «መደበ» ከሚለው ግስ የመጣ ነው፤ ጎመን የሚተከልበትም መደብ ነው፣ የሰዋስው አንደኛና ሁለተኛ መደብም አለ። በአብዮቱ ዘመን የመደብ ትግል ሲባል እየሰማ ያደገ ሰው ቃሉ ሊከብደው ይችላል፤ ይሁን። «የደራሲ መደብ»፣ «የርዕስ መደብ» ሲባል ግን ማንም አይስትም። የተሻለ ቃል ያላችሁ ጻፉልኝ፤ «ፊልድ» ብላችሁ ብቻ አትምጡ።