በፒክአፕ መኪና ላይ ሱፐርቻርጀር መግጠም

ሱፐርቻርጀር ከሞተሩ ክራንክሻፍት በቺንጋ እየተነዳ አየር አምቆ ወደ ሲሊንደሮች የሚያስገባ መሣሪያ ነው። ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራው ቱርቦ ጉልበቱን የሚያገኘው ከሚወጣው ጭስ ሲሆን ሱፐርቻርጀር ግን ከራሱ ከሞተሩ ይወስዳል። በዚህ ምክንያት ነዳጅ እንደተሰጠ ሳይዘገይ ይነሣል፤ በዝቅተኛ ዙር ጀልባ ወይም ተሳቢ ለሚጎትት ፒክአፕ የሚመረጠውም ለዚህ ነው። በአሜሪካ የቤንዚን ፒክአፕ ያላቸው ሰዎች መሣሪያውን ከነማያያዣዎቹ እንደ አንድ ሙሉ ዕቃ (ኪት) ገዝተው በመኖሪያ ቤታቸው ጋራዥ ይገጥሙታል። ነገሩ ሲታይ በቁልፍና በመፍቻ የሚያልቅ ሥራ ይመስላል። ሞተሩ መዝለቅ አለመዝለቁን የሚወስነው ግን ብሎኖቹ ከጠበቁ በኋላ የሚስተካከለው የነዳጅና የእሳት ልክ ነው።

አመጣጡ

መሣሪያው መጀመሪያ ለመኪና አልተሠራም። ፊላንደርና ፍራንሲስ ሩትስ የተባሉ ወንድማማቾች በኢንዲያና ግዛት፣ ኮነርስቪል ከተማ፣ በ1860 (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የፈጠራ መብት ያወጡበት የአየር መንፊያ ለረጅም ጊዜ የብረት ማቅለጫ ምድጃዎችን ሲያናፋ ኖሯል። ጎትሊብ ዳይምለር አየር አምቆ ወደ ሞተር የማስገባትን ሐሳብ በ1885 በስሙ አስመዘገበ። ሱፐርቻርጀር የተገጠመላቸው የመርሴዲስ መኪኖች በርሊን ላይ ለሕዝብ የታዩት በ1921 ነው።

በቤት ውስጥ የመግጠሙ ልማድ የመጣው ግን ከጭነት መኪና ነው። ጄኔራል ሞተርስ በ1938 ያወጣቸው ባለሁለት ምት የናፍጣ ሞተሮች ያለ አየር መንፊያ መሥራት አይችሉም ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፍጥነት የሚወዱ አሜሪካውያን ወጣቶች ከአሮጌ ካሚዮንና አውቶቡስ ላይ መንፊያውን እየነቀሉ በቤንዚን ቪ8 ሞተሮች አናት ላይ ጫኑት። በጣም የታወቀው 6-71 ሲሆን መጠሪያው ስድስት ሲሊንደር፣ እያንዳንዱም 71 ኪዩቢክ ኢንች ማለት ነው። የዛሬዎቹ ንጹሕ፣ የሚያብረቀርቁ ኪቶች የዚያ የብረት ቁልል ሥራ ልጆች ናቸው።

የፒክአፕ ፋብሪካዎች ዘግይተው ተከተሉ። ፎርድ ከ1999 እስከ 2004 ሞዴል ያወጣው ኤፍ-150 ላይትኒንግ በ5.4 ሊትር ሞተሩ ላይ የኢተን ኩባንያ ሱፐርቻርጀር ነበረው፤ ከ2001 ጀምሮ 380 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ ነበር። የ2021ዱ ራም 1500 ቲአርኤክስ ደግሞ 702 ደርሷል። በእነዚህና በቤት ሥራው መካከል ያለው ዋናው ልዩነት የፋብሪካው ሞተር ገና ሲነደፍ ግፊቱን ታሳቢ ማድረጉ ነው። የላይትኒንጉ ኮምፕሬሽን ምጣኔ፣ ማለትም ሲሊንደሩ የገባበትን አየር ስንት እጥፍ እንደሚጨምቅ የሚያሳየው ቁጥር፣ 8.4 ለ 1 ብቻ ነበር። ሱፐርቻርጀር በኋላ የሚጫንበት ተራ ፒክአፕ ግን አየር በራሱ እንዲስብ የተሠራ ስለሆነ ምጣኔው ከዚያ ይበልጣል፤ ተጨማሪ ግፊት የሚከብደውም ለዚህ ነው።

ዓይነቶቹ

ሦስት ዓይነት ሱፐርቻርጀር በገበያ ላይ አለ። የሩትሱ ሁለት ጠመዝማዛ ዘንጎች እየተሽከረከሩ አየሩን ከአንድ ጎን ወደ ሌላው የሚያሻግሩበት ነው። ስዊድናዊው መሐንዲስ አልፍ ሊስሆልም በ1930ዎቹ ያዳበረው ባለ መንታ ብሎን ዓይነት አየሩን እዚያው በውስጡ እየጨመቀ ያወጣዋል፤ ሙቀቱም ያነሰ ነው። ሁለቱም የፋብሪካውን የአየር ማስገቢያ ማኒፎልድ አስነስተው ቦታውን ይይዛሉ። ሦስተኛው የቱርቦ መልክ ያለው ሴንትሪፉጋል ነው፤ በሞተሩ ፊት ለፊት ተንጠልጥሎ ማኒፎልዱን ሳይነካ ስለሚገጠም ለጀማሪ ይቀላል፤ ግፊቱ ግን ከዙሩ ጋር አብሮ ስለሚወጣ ለሚጎትት መኪና እንደ ሁለቱ አይመችም። አንዳንዶቹ ሴንትሪፉጋሎች ቅባታቸውን ከሞተሩ ዘይት ስለሚያገኙ የዘይት ቋቱን መብሳት ግድ ይላሉ።

ግፊትና ሙቀት

በባሕር ወለል ላይ የከባቢ አየር ግፊት 1 ባር ገደማ ነው። የቤት ኪቶች አብዛኛውን ጊዜ በዚያ ላይ ከ0.4 እስከ 0.55 ባር፣ ማለትም ከ6 እስከ 8 ፒኤስአይ ይጨምራሉ። ይህ ማለት ሞተሩ ቀድሞ ይስብ ከነበረው አየር በግማሽ የሚጠጋ ጭማሪ ያገኛል ማለት ነው። የታመቀ አየር ግን ይግላል፤ 25 ዲግሪ ሆኖ የገባ አየር ከሩትስ መንፊያ ሲወጣ ከ80 ዲግሪ በላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በጥሩ ኪት ውስጥ ማቀዝቀዣ አብሮ ይመጣል፦ በራዲያተሩ ፊት የሚታሰር ትንሽ ራዲያተር፣ የኤሌክትሪክ ፓምፕና ከሞተሩ ውሃ የተለየ የራሱ ውሃ። ማቀዝቀዣ የሌለው ርካሽ ኪት ለአጭር ሩጫ ይሆናል እንጂ በከባድ ሙቀት ተሳቢ እየጎተቱ ዳገት ለመውጣት አይሆንም።

የመሣሪያው ጥቅም ከፍ ባለ አገር ይበልጥ ይገባል። የአውሮፕላን መሐንዲሶች ሱፐርቻርጀርን የፈለጉት ከፍታ ላይ አየሩ ሲሳሳ የሚጠፋውን ጉልበት ለመመለስ ነበር። 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል ያንሳል፤ ተራ የቤንዚን ሞተርም ያንኑ ያህል ጉልበት ያጣል። በባሕር ዳርቻ ከተማ 0.5 ባር የሚጨምር ኪት አዲስ አበባ ላይ ቢገጠም ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው አየር አጠቃላይ ግፊት ከ1.1 ባር ብዙም አይዘልም። ባጭሩ ሞተሩን ወደ ወደብ ከተማ አውርዶ ጥቂት እንደመመረቅ ነው። የኢትዮጵያ ፒክአፖች ግን አብዛኞቹ የናፍጣ መኪኖች ስለሆኑ ይህ የቤንዚን ሞተር ኪት እምብዛም አይመለከታቸውም።

ሥራው በሲልቨራዶ ላይ

ለቤት ሥራ በብዛት ከሚመረጡት አንዱ ከ1999 እስከ 2007 በሸቭሮሌ ሲልቨራዶ ላይ የተገጠመው ኤልኤም7 የተባለው 5.3 ሊትር ቪ8 ነው። ብሎኩ ብረት፣ ቴስታታዎቹ አሉሚኒየም፣ ኮምፕሬሽን ምጣኔው 9.5 ለ 1 ሲሆን፣ እንደ ዓመቱ ከ270 እስከ 295 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። በቀላሉ የሚገኝና ብዙ የሚችል ሞተር ነው፤ ደካማ ጎኑ በፒስተኖቹ ላይ ነው፤ በሲሊኮን የጠነከረ አሉሚኒየም ስለሆኑ መበላትን ይችላሉ፣ መመታትን ግን አይችሉም።

ከሁሉ በፊት የእያንዳንዱ ሲሊንደር ኮምፕሬሽን ይለካል። በሲሊንደሮቹ መካከል ከ10 በመቶ በላይ ልዩነት ከታየ ኪቱ በካርቶኑ ይቆይና ሞተሩ ይታደስ፤ የደከመ ሞተር ግፊት ሲጨመርበት አይድንም፣ ቶሎ ይሞታል።

ቀጥሎ የባትሪው ነጌቲቭ ይነቀላል፤ በነዳጁ መስመር ውስጥ የታመቀው ግፊት ይለቀቃል። የዚህ ሞተር የነዳጅ መስመር ወደ 4 ባር የሚጠጋ ግፊት ስለሚይዝ ሳይለቀቅ የተፈታ መስመር ቤንዚን በጋለ ሞተር ላይ ይረጫል። የራዲያተሩ ውሃ ይፈስሳል፣ የአየር ቱቦውና ስሮትሉ ይወርዳሉ፣ እያንዳንዱ ሽቦና የቫኪዩም ቱቦ በወረቀት ፕላስተር ምልክት ይደረግበታል። የፕላስቲኩ ማኒፎልድ የታሰረው በ10 ብሎን ነው። ማኒፎልዱ እንደተነሣ ስምንቱ የአየር ቀዳዳዎች ወዲያው በንጹሕ ጨርቅ ይደፈናሉ። አንዲት ብሎን እዚያ ውስጥ ከወደቀች ቴስታታ እስከማውረድ ታደርሳለች።

ከማኒፎልዱ ሥር፣ በሁለቱ የሲሊንደር ረድፎች መካከል ባለው ሸለቆ፣ በሁለት ጉድጓዶች ውስጥ የተቀመጡ ሁለት ሴንሰሮች ይገኛሉ። የሞተሩን ማንኳኳት፣ ማለትም ድብልቁ በራሱ ሲፈነዳ የሚወጣውን ድምፅ፣ የሚያዳምጡት እነርሱ ናቸው። የጎማ ክዳናቸው ሲያረጅ ውሃ ይገባባቸውና ይዝጋሉ፤ በብዙ መኪኖች ላይ በቡናማ ዝገት ተውጠው ይገኛሉ። ሱፐርቻርጀሩ ከተጫነ በኋላ እዚያ ቦታ ላይ እጅ ስለማይደርስ እዚያው እያሉ መቀየር ይገባል። ግፊት ለተጨመረበት ሞተር ደግሞ ከጆሮው የበለጠ የሚያስፈልገው ነገር የለም።

መንፊያው ከነማኒፎልዱ ከባድ ስለሆነ ሁለት ሰው ወይም የሞተር ማንሻ ይፈልጋል። አዲስ ጓርኒሲዮን ተቀምጦ ብሎኖቹ ከመሐል ወደ ዳር በተራ ይጠብቃሉ፤ የፋብሪካው ማኒፎልድ የመጨረሻ ልክ 10 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው። በጉልበት ሳይሆን በቶርክ ሬንች የሚሠራ ነው፤ አሉሚኒየም ላይ የተበላ ጥርስ ቀኑን ሙሉ ያበላሻል። ከዚያ ረጅሙ ቺንጋና ተጨማሪ መወጠሪያዎቹ ይገባሉ።

የክራንክሻፍቱ ፑሊ የብቻው ጉዳይ አለው። በዚህ ሞተር ላይ ፑሊው የተያዘው በመጣበቅና በአንድ ትልቅ ብሎን ብቻ ነው፤ እንዳይዞር የሚቆልፈው ቁራጭ ብረት የለውም። ግፊቱ ዝቅተኛ እስከሆነ ድረስ ይበቃል። ከዚያ በላይ ሲሆን በፑሊውና በክራንክሻፍቱ ወሰን ላይ በመሪ ቀለበት ቀዳዳ ተበስቶ ፒን ይመታበታል። የሚፈታው ትልቁ ብሎን የአንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ በአዲስ ይተካል።

ነዳጅ፣ እሳትና ኮምፒውተር

አየሩ ሲጨምር ቤንዚኑም በዚያው ልክ መጨመር አለበት፤ ስለዚህ ትላልቅ ኢንጀክተሮችና ብዙ ጊዜም ጠንካራ የነዳጅ ፓምፕ ይገባሉ። በዝግታ ሲነዳ 14.7 እጅ አየር ለ1 እጅ ቤንዚን ይበቃል፤ በግፊት ጊዜ ግን ወደ 11.5 ወይም 12 ለ 1 ይወርዳል፤ ትርፉ ቤንዚን የሲሊንደሩን ሙቀት ያበርዳል። ካንዴላዎቹ ቶሎ በሚቀዘቅዙ ይተካሉ፤ ክፍተታቸውም ወደ 0.9 ሚሊ ሜትር ይጠባል፤ የታመቀው ድብልቅ ሰፊውን ክፍተት የሚዘለውን እሳት ያጠፋዋልና። ታንኩም ባለ 87 ኦክቴኑን ተራ ቤንዚን ትቶ ባለ 91 ወይም ከዚያ በላይ ይጠጣል።

ቀሪው በላፕቶፕ የሚሠራ ነው። የፋብሪካው የማኒፎልድ ግፊት ሴንሰር ከ1 ባር እምብዛም አያልፍም፤ ከዚያ በላይ ያለውን ግፊት ኮምፒውተሩ አያውቀውም። ስለዚህ ሴንሰሩ እስከ 2 ባር በሚለካ ይተካል ወይም ፕሮግራሙ ሙሉ በሙሉ በአየር መጠን ለኪው ላይ እንዲመሠረት ተደርጎ ይጻፋል፤ የእሳቱም ጊዜ በግፊት ላይ ወደ ኋላ ይመለሳል። የእሳቱ ጊዜ ከቀደመ ድብልቁ ነበልባሉ ሳይደርስበት በራሱ ይፈነዳል። ሹፌሩ ይህን እንደ ጠጠር ድምፅ ይሰማው ይሆናል፤ በሙሉ ጭነት ላይ ግን ከመንፊያው ፉጨት ሥር ይጠፋል። ፒስተኑ በፋሻው መቀመጫ ላይ ለመሰንጠቅ ብዙ አይፈጅበትም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ማስነሻ ትዕግሥት ይጠይቃል። ቁልፉ ሞተሩ ሳይነሣ ይከፈትና ፓምፑ መስመሩን ሲሞላ የሚንጠባጠብ ቤንዚን መኖሩ ይታያል። የማቀዝቀዣው ውሃ አየሩ ወጥቶ መዞሩ ይረጋገጣል። ከዚያ ያለ ጭነት በዝግታ እየተነዳ ኮምፒውተሩ የመዘገበው ይነበባል፤ ማንኳኳት ከታየ የነዳጅ መስጫው አይረገጥም፣ ፕሮግራሙ ይታረማል። ከኪቱ ጋር የሚመጣው ዝግጁ ፕሮግራም ላልተነካ ሞተር ጥሩ መነሻ ነው። ካምሻፍቱ ወይም የጭስ ማውጫው ለተቀየረ መኪና ግን በዚያው የሞተር ዓይነት ላይ ለሠራ ባለሙያ መክፈል ከአዲስ ሞተር ዋጋ ያነሰ ነው።

ሕግ

የአሜሪካ የንጹሕ አየር ሕግ በመኪና ላይ የተገጠመን የጭስ መቆጣጠሪያ መንቀልም ሆነ ማሰናከል ይከለክላል። በካሊፎርኒያ የግዛቲቱ የአየር ሀብት ቦርድ የመረመራቸው ኪቶች የፈቃድ ቁጥር ይሰጣቸዋል፤ ቁጥሩ የተጻፈበት ተለጣፊም በኮፋኖው ሥር ይለጠፋል። ፈቃዱ የሚሠራው ለተዘረዘሩት ሞዴሎችና ኪቱ እንደተፈቀደው ከተገጠመ ብቻ ነው፤ በኋላ ትንሽ ፑሊ አስገብቶ ግፊቱን ያሳደገ ሰው ከፈቃዱ ውጪ ነው። የዚህ ዘመን ሲልቨራዶ በካሊፎርኒያ በአብዛኛው በየሁለት ዓመቱ የጭስ ምርመራ ይደረግለታል፤ ምርመራውም በዓይን ማየትን ይጨምራል። ፈቃድ የሌለው ሱፐርቻርጀር የተገኘበት መኪና የሚያወጣው ጭስ ንጹሕ ቢሆን እንኳ ምርመራውን ይወድቃል።