የአፄ ቴዎድሮስ የጣና ጀልባዎች

አፄ ቴዎድሮስ በ1858 ዓ.ም. ዘጌ ላይ ሰፍረው ሳለ ለጣና የጦር ጀልባ ማሠራት ጀምረው ነበር። በውኃ መዋጋት ለሐይቁ እንግዳ አይደለም፤ የግራኝ አሕመድ ሠራዊትም የገሊላን ደሴት ለመያዝ ውኃ ተሻግሮ መዋጋቱን ፉቱሕ አል-ሐበሻ የተባለው መጽሐፍ ይተርካል። የቴዎድሮስን ልዩ የሚያደርገው ተራውን የደንገል ታንኳ ወደ መርከብ ለመለወጥ መነሣታቸው ነው።

በዚያው ዓመት የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳምና ባልደረቦቹ በሐይቁ ማዶ ቆራጣ ነበሩ። ከእነርሱ አንዱ ሐኪሙ ሄንሪ ብላንክ የሥራውን ነገር በመጽሐፉ መዝግቦታል። እንደ እሱ አገላለጽ አካላቸው ከደንገል የታሠረ፣ ወለላቸው የእንጨት ሆኖ በጎንና በጎናቸው መንኰራኩር የተገጠመላቸው ትልልቅ ጀልባዎች ነበሩ፤ መንኰራኩሩንም ሰው በእጁ ይዘውረው ነበር። እንፋሎት የለ፣ ብረት የለ፤ መልኩ ግን የእንፋሎት መርከብ ነው። ደንገል ደግሞ ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ታንኳ በየጊዜው ወደ ዳር ወጥቶ ፀሐይ ካልመታው አይቆይም።

ብላንክ ጉዳዩን እንደ ንጉሥ ቅብጠት አድርጎ በፈገግታ ያልፈዋል። በሚያዝያ ከጓደኞቹ ጋር ታስሮ ኋላም ወደ መቅደላ አምባ እስር የተወሰደ ሰው በመሆኑ ፈገግታው አያስገርምም። ነገር ግን ጊዜውን ያየ ሰው ይህን ፍርድ ለመቀበል ይቸግረዋል። ጎጃም በተድላ ጓሉ፣ ላስታ በዋግሹም ጎበዜ እጅ ነበሩ፤ ምኒልክም ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ ገብተዋል። ለንጉሡ የቀረው ምድር በጣና ዙሪያ እየጠበበ ሲሄድ፣ ንብረቱን ያሸሸ ሁሉ መሸሸጊያው ደሴት ሆነ።

በ1859 ዓ.ም. ነገሩ ጨዋታ አለመሆኑ ታየ። ከቆራጣ በስተ ሰሜን ያለችው ምጽራሐ፣ የታላቁ አፄ ኢያሱ መቃብር ያለባት ደሴት፣ የሰውና የሀብት መጠለያ ነበረች። ቴዎድሮስ በደንገል ጀልባ ወታደር አሻግረው ያዟት፤ ነዋሪዎቿም ቤት ውስጥ ተዘግተው መቃጠላቸውን ብላንክ ጽፏል። የዘጌው ሙከራ ለእንዲህ ያለው ዘመቻ መለማመጃ ነበር ማለት ይበልጥ ያስኬዳል።

ከዚያ በኋላ የንጉሡ ትኩረት ጋፋት በተባለ ቦታ ወደ ተሠራው፣ ሴባስቶፖል ወደ ተሰኘው መድፍ ዞረ፤ በ1860 ዓ.ም. መድፉን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ሄዱ። የሞተር ጀልባ በጣና የተስፋፋው ግን ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ነው። ሐይቁ ከባሕር የሚገናኝበት የመርከብ መንገድ ስለሌለው፣ «ጣናነሽ 2» የተባለችው ዘመናዊ ጀልባም በ2017 ዓ.ም. ከጅቡቲ ወደ ባሕር ዳር የተጓጓዘችው በየብስ፣ በከባድ ተሽከርካሪ ተጭና ነው።