ግረንየንን ፍለጋ፦ መቃብር ስላልነበራቸው የሰርጓጅ መርከብ አዛዥና ባሕረኞቻቸው

እ.ኤ.አ. ጁላይ 30 ቀን 1942 «ግረንየን» የተባለች የአሜሪካ ሰርጓጅ መርከብ በአሉሽያን ደሴቶች ከኪስካ አካባቢ የሬዲዮ መልእክት ላከች። ኪስካን ጃፓኖች በዚያው ዓመት ጁን መጀመሪያ ላይ ይዘዋት ነበር። መልእክቱ የጠላት ጸረ ሰርጓጅ እንቅስቃሴ መበርታቱን የሚገልጽ ሲሆን፣ መርከቧ ወደ ደች ሃርበር የባሕር ኃይል ሰፈር እንድትመለስ ታዘዘች። ከዚያ በኋላ ግን ከግረንየን አንድም ቃል አልተሰማም። አዛዧ ሌተናንት ኮማንደር ማነርት ሊንከን አቤሊ 39 ዓመት ከሞላቸው ገና ሦስት ሳምንት አልሆናቸውም ነበር። አብረዋቸው 69 ሰዎች ነበሩ።

በጦርነት ጊዜ ባሕር ውስጥ የቀረ ሰው አስከሬኑ ሳይገኝ፣ የወደቀበት ቦታ ሳይታወቅ፣ ከወገኑም አንድ የዓይን ምስክር ሳይተርፍ እንዴት ይታወሳል? የአቤሊ ታሪክ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ የተለመደው አይደለም። መንግሥት የአዛዡን ስም በክብር ጠብቋል። የመጨረሻዋን ሰዓት ታሪክ ጠብቀው ያቆዩት ግን የሟቹ ባለቤትና ልጆች፣ በማያውቁት ሰነድ የተመሰጡ ባዕዳንና ከሁሉም በላይ ያን ቀን ማዶ ሆኖ ሲተኩስ የነበረ የጠላት መኮንን ናቸው።

አቤሊ የተወለዱት በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ኩዊንሲ ከተማ ሲሆን፣ ባሕር ኃይልን የተቀላቀሉት በ1920 በተራ ባሕረኛነት ነው። ሁለት ዓመት አገልግለው ወደ አናፖሊስ የባሕር ኃይል አካዳሚ ገቡና በ1926 ተመረቁ። ከተራ ባሕረኛነት ተነሥቶ መርከብ እስከ ማዘዝ መድረስ በዚያ ዘመን ለጥቂቶች ብቻ የሚሳካ ነበር። ግረንየን ኮኔቲከት ግዛት፣ ግሮተን ውስጥ ተሠርታ ኤፕሪል 11 ቀን 1942 ሥራ ስትጀምር ተረከቧት። በካሪቢያን ባሕር አቋርጣ ወደ ፓሲፊክ ስትጓዝ፣ በጀርመን ሰርጓጅ ከተመታች መርከብ የተረፉ 16 ሰዎችን ከውኃ አወጣች። ጁላይ 15 ቀን ደግሞ ኪስካ አጠገብ ሁለት የጃፓን ጸረ ሰርጓጅ መርከቦችን አሰጥማ ሦስተኛዋን አቆሰለች። የመጀመሪያ የጦር ቅኝቷ ነበር፤ የመጨረሻዋም ሆነ።

የመንግሥት መታሰቢያ ፈጣንና የሚገባውን ክብር የሰጠ ነበር። አቤሊ ከባሕር ኃይል ሽልማቶች ከፍተኛ ከሚባሉት አንዱ የሆነውን ኔቪ ክሮስ ከሞት በኋላ ተሸለሙ። በስማቸው አዲስ የጦር መርከብ ተሰየመ፤ በ1944 ሜይን ግዛት ውስጥ ወደ ውኃ ሲወርድ መርቀው የሰየሙት ባለቤታቸው ካትሪን ነበሩ። ይኸው «ማነርት ኤል አቤሊ» የተባለው አጥቂ መርከብ ኤፕሪል 12 ቀን 1945 ኦኪናዋ አጠገብ ሰው በሚነዳው የጃፓን የሮኬት ቦምብ ተመትቶ ሰጠመ፤ በዚህ መሣሪያ የሰጠመ የመጀመሪያው መርከብ እሱ ነው። 84 ባሕረኞች አለቁ። አንዲት ሴት ባሏን ባሕር ከበላው በኋላ በስሙ የመረቀችው መርከብ፣ አንድ ዓመት ሳይሞላው ባሕር ሲበላው መስማት ምን ማለት እንደሆነ ለመገመት ይከብደኛል።

ካትሪን ሦስት ወንዶች ልጆች ነበሯቸው። አባታቸው ሲጠፉ ብሩስ 12፣ ብራድ 9፣ ጆን 5 ዓመታቸው ነበር። ከመንግሥት የደረሳቸው መልእክት «ጠፍተዋል» የሚል ነው። ይህ ቃል መርዶ ሆኖ አያስለቅስም፣ ተስፋ ሆኖም አያጽናናም። እርም የሚወጣለት ሞት የቱ እንደሆነ አይለይም፤ ቤተሰቡ ምናልባት ተማርከው ይሆናል እያለ በር በሩን ያያል። ካትሪን በዚህ መካከል ሆነው ለባሕረኞቹ ቤተሰቦች በሙሉ ደብዳቤ ጻፉ። ይህን ድርጊት የአዛዥ ሚስት ደግነት ብቻ አድርጎ ማለፍ ስሕተት ይመስለኛል። ከ60 ዓመት በኋላ ፍለጋው ሲነሣ የሰባውም ሰዎች ስም አንድ ላይ የተነሣው፣ መታሰቢያው የአንድ አዛዥ ብቻ ሆኖ ያልቀረው፣ መሠረቱ ያኔ በመጣሉ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ግረንየንን አሰጠምኩ የሚል ግልጽ የጃፓን መዝገብ አልተገኘም። በዚያ ጦርነት አሜሪካ ካጣቻቸው 52 ሰርጓጅ መርከቦች አንዷ ሆና ተመዘገበች። በእነዚህ መርከቦች ከ3,500 በላይ ሰዎች አልቀዋል። ከሰርጓጅ ሠራዊት ሰዎች ጋር የዋለ ሰው እንደሚያውቀው፣ የጠፉ ጓዶቻቸውን ዛሬም በቅኝት ላይ እንዳሉ አድርገው ነው የሚጠሯቸው፤ በየዓመቱ የመርከቦቹን ስም እያነበቡ ለእያንዳንዷ ደወል ይደውላሉ።

ዝምታው የተሰበረው ማንም ባልጠበቀው መንገድ ነው። በ1998 አንድ አሜሪካዊ መኮንን ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ ሱቅ በአንድ ዶላር የገዛው ወረቀት «ካኖ ማሩ» የተባለች የጃፓን የጭነት መርከብ የኤሌክትሪክ ሽቦ ንድፍ ነበር። የሰነዱን እውነተኛነት ለማጣራት ሲጠይቅ፣ ዩታካ ኢዋሳኪ የተባሉ ጃፓናዊ የባሕር ኃይል ታሪክ አጥኚ መልስ ሰጡት። ኢዋሳኪ መርከቧን ከማወቅ አልፈው የግረንየንም መጨረሻ ከእሷ ጋር የተያያዘ መሆኑን አመለከቱ። ምንጫቸው በካኖ ማሩ ላይ የወታደራዊ አዛዥ የነበሩት ሴይቺ አይዉራ ከጦርነቱ በኋላ በጃፓንኛ ያሳተሙት ትዝታ ነው። ጽሑፉ በሕዝብ እጅ ለዓመታት ቆይቷል። የቸገረው ነገር የሚፈልጉት ሰዎች የማያነቡት ቋንቋ መሆኑ ብቻ ነበር።

እንደ አይዉራ አገላለጽ፣ በጭጋጋማ ማለዳ ኪስካ አጠገብ ካኖ ማሩ በቶርፔዶ ተመትታ ሞተሯ ቆመ። ሰርጓጇ ተጨማሪ ቶርፔዶዎች ብትተኩስም አንዳንዶቹ ሳቱ፣ ሌሎቹም መርከቧን መትተው ሳይፈነዱ ቀሩ። ቀጥላ ወደ ላይ ስትወጣ ጃፓኖቹ በመርከባቸው መድፍ ተኮሱባት፤ አይዉራ የመታናት እኛ ነን ብለው ያምኑ ነበር።

የማይፈነዱት ቶርፔዶዎች ነገር ለግረንየን ታሪክ ዋና ቁልፍ ነው። የአሜሪካ ሰርጓጆች በጊዜው ይታጠቁት የነበረው ማርክ 14 ቶርፔዶ ቢያንስ ሦስት ጉድለት ነበረበት፤ አንዱ ጉድለት ደግሞ ሌላውን ይሸፍን ነበር። ከተስተካከለለት ጥልቀት በታች ይጓዛል፤ መግነጢሳዊው ማፈንጃ ያለ ጊዜው ይፈነዳል ወይም ጭራሹን አይሠራም፤ ቀጥ ብሎ ሲመታ ደግሞ የመምቻው መርፌ እየተጣመመ ይከሽፋል። አዛዦች አቤት ሲሉ የሚሰጣቸው መልስ አተኳኮስ አታውቁም የሚል ነበር። በጁን 1942 አድሚራል ቻርልስ ሎክዉድ ምዕራብ አውስትራሊያ ውስጥ ቶርፔዶዎችን በተዘረጋ መረብ ላይ አስተኩሰው፣ በአማካይ ከ3 ሜትር በላይ ጠልቀው እንደሚሄዱ አረጋገጡ። የጦር መሣሪያ ቢሮው ይህን የተቀበለው ኦገስት 1 ቀን 1942 ነው፤ ግረንየን በጠፋች በማግሥቱ ማለት ይቻላል። የመርፌው ችግር የተፈታው ደግሞ በ1943 መገባደጃ ላይ ነበር።

ከሁሉም የሚያስፈራው ግን ዞሮ የሚመለስ ቶርፔዶ ነው። የአሜሪካ ሰርጓጆቹ «ታንግ» በኦክቶበር 1944፣ «ታሊቢ» በማርች 1944 ከራሳቸው በወጣ ቶርፔዶ ሰጥመዋል። ይህን የምናውቀው ከታንግ 87 ሰዎች ዘጠኙ፣ ከታሊቢም አንድ ሰው ስለተረፉ ብቻ ነው። የሚተርክ ባይገኝ ኖሮ ሁለቱም ለጠላት ድል በተቆጠሩ ወይም ምክንያታቸው ባልታወቀ ነበር።

የአቤሊ ልጆች ከኢዋሳኪ ባገኙት መረጃ ተመርተው በኦገስት 2006 የፍለጋ ቡድን ላኩ። በቤሪንግ ባሕር ሸርጣን የሚያጠምድ ጀልባ ተከራይተው፣ የባሕሩን ወለል በሶናር አስቃኙ። ከኪስካ እሳተ ገሞራ ተዳፋት ላይ፣ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ረጅም ነገር ታየ። በቀጣዩ ዓመት በገመድ የሚመራ የውኃ ውስጥ ካሜራ ወርዶ የተጨፈለቀውን አካል ቀረጸ፤ የባሕር ኃይሉም በኦክቶበር 2008 ግረንየን መሆኗን አረጋገጠ። የተቆረጠው አፍንጫዋ እዚያው አቅራቢያ በሌላ ቡድን የተገኘው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። አይዉራ ስለ ቦታውና ስለ ሰዓቱ ትክክል ነበሩ፤ ፍሬውም በሶናር ታይቷል። መርከቧን ያሰጠማት መድፋችን ነው ማለታቸው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ቤተሰቡና አብረዋቸው ያጠኑ ባለሙያዎች ፍርስራሹን መርምረው የሰጡት ትንታኔ፣ ከራሷ የወጣ ቶርፔዶ ዞሮ ሳይፈነዳ የፔሪስኮፑን መደገፊያ መታ፤ የኋላው ጥልቀት መቆጣጠሪያ ክንፍም ተቆልፎ መርከቧ ልትቋቋመው ወደማትችለው ጥልቀት ወረደች የሚል ነው። መላምት መሆኑን መካድ አይገባም፤ ስለ ማርክ 14 ከምናውቀው ጋር መግጠሙ ግን በእኔ ግምት ከመድፉ ታሪክ ይልቅ ሚዛን ይደፋል። ታሪክ ጸሐፊ የጠላትን ምስክርነት ሲጠቀም፣ ሰውዬው ያየውንና ከዚያ የደመደመውን ነጥሎ መያዝ አለበት። ይህን ነጥሎ ያልያዘ ሰው ወይ አይዉራን ሙሉ በሙሉ ያምናል፣ ወይም ጠላት ነው ብሎ ይጥላቸዋል። በሁለቱም መንገድ ግረንየን አትገኝም ነበር።

ሌላም ሊባል የሚገባ ነገር አለ። ጥልቅ ባሕርን መፈተሽ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። ከወንድማማቾቹ ታናሹ ጆን አቤሊ «ቦስተን ሳይንቲፊክ» የተባለውን የሕክምና መሣሪያ ኩባንያ ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ ናቸው፤ ወጪውን የተሸከመው ቤተሰቡ ነው። የአንድ የተራ ባሕረኛ ልጅ የአባቱን መጨረሻ ለማወቅ ያን ያህል ቢጓጓ እንኳ አቅሙ አይፈቅድለትም ነበር። የመታሰቢያ ፍትሕ በሀብት ሊለካ አይገባውም፤ በተግባር ግን የትኛዋ መርከብ ቀድማ እንደምትገኝ ሀብት ወስኗል። አቤሊዎች ዕድላቸውን ለራሳቸው ብቻ አላደረጉትም። በጎ ፈቃደኛ ሴቶች ተነሥተው የሰባውንም ባሕረኞች ዘመዶች አንድ በአንድ ፈልገው አገኙ፤ አንዳንዶቹ ስለ አጎታቸው ወይም ስለ አያታቸው ከስማቸው በቀር የሚያውቁት አልነበራቸውም። በኦክቶበር 2008 የብዙዎቹ ቤተሰቦች ክሊቭላንድ ውስጥ፣ እንደ ሙዚየም በተያዘችው «ኮድ» በተባለች የዚያው ዘመን ሰርጓጅ አጠገብ ተሰብስበው የሰባውን ስም አስጠሩ። ለካትሪን ደብዳቤዎች መልስ የመጣ ያህል ነው።

ፍርስራሹ በሕግ የአሜሪካ መንግሥት ንብረት፣ በክብርም የጦር መቃብር ነው፤ ልጆቹም ካሜራ ከማውረድ በስተቀር አልነኩትም። በ2022 መጨረሻ ደግሞ አፍንጫዋን ያገኘው ያው የፍለጋ ቡድን ኦኪናዋ አጠገብ የአባታቸውን ስም የተሸከመውን መርከብ አገኘ። የእሱ 84 ሰዎች ዘመዶች በበኩላቸው ከ77 ዓመት በኋላ ሰዎቻቸው የት እንዳሉ ተነገራቸው።